ስለ ተከላካይ ጠበቃ ሥራ፥ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ችሎቶች

(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የወንጀል ጠበቃ ኑሮና ሥራ» የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ከምናውቀው አገር ሳንወጣ እንናገራለን። የምናውቀውም ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋ፥ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚገባውን አውራ ጎዳናና ከጎዳናው ግራና ቀኝ ያለውን ገጠር ነው፤ ይኸውም ወደ ደጋው እስከ ቋሪትና ሰከላ፥ ወደ ቆላው እስከ ወምበርማ ማለት ነው። በእነዚህ ወረዳዎች በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ክርክሩ የሚሰማው በፍኖተ ሰላም በሚያስችለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር፤ ይግባኝ ሲል ደግሞ መዝገቡ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። የምንነግራችሁም በ2015 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ወደዚያ አገር ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ስላየነው ነው።

የሰውን ስም፥ ቀበሌውንና ዓመቱን አንጠራም። አንዳንዱንም ታሪክ ከሁለት ከሦስት መዝገብ አውጥተን አንድ ላይ አድርገነዋል። ይህንን ያደረግነው በዚያ አገር የሟችም የገዳይም ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ በዚህ አዳራሽ የተነገረ ነገር እዚያ ደርሶ የተዳፈነ እሳት እንዳይጭር ብለን ነው።

ስለ ሥራችን ስንጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ሰው የገደለን ሰው እንዴት ትከላከላላችሁ?» የሚለው ነው። ጠያቂው የሚመስለው፥ ጠበቃ ማለት ገደለ የተባለውን አልገደለም እያለ የሚምል ሰው ነው። ዳሩ ግን በገጠር ነገሩ እንዲህ ሆኖ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። ገበሬው ሰው የገደለ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ አይክድም፤ ራሱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ይሰጣል። ይህንንም የሚያደርገው ሕግን ስለ ፈራ ብቻ ሳይሆን የሟች ዘመዶች ከመንገድ እንዳያገኙት ነው። እንግዲህ ክርክሩ ያለው ገደለ ወይስ አልገደለም በሚለው ላይ ሳይሆን፥ እንዴትና በምን ልብ ገደለ በሚለው ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ለዚህ ሦስት ደረጃ አለው። አስቀድሞ አስቦና ተዘጋጅቶ፥ ወይም ጨካኝነቱን በሚያሳይ አኳኋን የገደለ ሰው በቍጥር 539 የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ይፈረድበታል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሳይኖር አውቆ የገደለ በቍጥር 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ራሱን ሲከላከል ከመጠን ያለፈ ወይም በከባድ መነካት ልቡ ታውኮ የገደለ ግን በቍጥር 541 ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። በ1949 ዓ.ም የወጣውም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቍጥር 522፥ 523 እና 524 ይህንኑ ሦስት ደረጃ አስቀምጦ ነበር። በተጨማሪም ስንሠራበት የኖርነው የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቍጥር 63፥ ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ዋስትና ይከለክላል። ስለዚህ በክስ ወረቀት ላይ የምትጻፈው አንዲት ቍጥር ሰውየው ክርክሩን በቤቱ ሆኖ ወይስ በወኅኒ ሆኖ እንደሚከታተል አስቀድማ ትወስናለች። ወኅኒ ከገባ ደግሞ በሬዎቹን የሚጠምድለት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከ539ና ከ541 አንዱን የምታመጣው ቃል የምትጻፈው በችሎት አይደለም፤ በፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ያን ጊዜም ጠበቃ በአጠገቡ የለም።

ሕጉ በዚህ ላይ ክፉ አይደለም። በሥነ ሥርዓቱ ሕግ በቍጥር 27 የተያዘ ሰው መልስ ለመስጠት አይገደድም። በቍጥር 61 ጠበቃውን ጠርቶ ለማነጋገር ወዲያውኑ ይፈቀድለታል። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19፥ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የጕዞው ጊዜ ግን አይታሰብም፤ በቆላ ለሚኖር ሰው የጕዞው ጊዜ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አንቀጽ 20 ደግሞ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቁምለት ይላል። ይህም አሳብ ትናንት የመጣ አይደለም፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ይህንኑ ጽፎት ነበር። ነገር ግን እናንተ የሕግ ተማሪዎች ስለ ሆናችሁ ቃሉን ልብ አድርጋችሁ አንብቡት። አንቀጽ 20 የሚናገረው ስለ ተከሰሰ ሰው ነው። አንቀጽ 19 ስለ ተያዘ ሰው ሲናገር፥ መንግሥት ስለሚያቆመው ጠበቃ አንዳች አላነሣም። በመያዝና በመከሰስ መካከል በእያንዳንዱ ጊዜ እስከ 14 ቀን የሚደርስ የጊዜ ቀጠሮ እየተጨመረ ሳምንቶች ያልፋሉ፤ ድኻው ሰው በእነዚያ ሳምንቶች ብቻውን ነው። «ጠበቃውን ጠርቶ» የሚለውም ቃል የሚጠቅመው አስቀድሞ ጠበቃ ላለው ሰው ነው።

ይህ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል በአንድ ታሪክ እናሳያችሁ።

አንድ ወጣት ገበሬ በጥቅምት መጀመሪያ በበቆሎው ማሳ መካከል ማማ ሠርቶ ከርከሮና ጃርት ይጠብቅ ነበር። ከጎረቤቱ ጋራ በወሰን ምክንያት ተጣልተዋል፤ ጠቡም በ1989 ዓ.ም በክልሉ የመሬት ሽግሽግ በተደረገ ጊዜ ከአንደኛው አባት ተቈርሶ ለሌላው አባት ከተሰጠ መሬት የመጣ ነው። (በኋላ የይዞታ ደብተር የሚባለው ሲመጣ እንዲህ ያለው ጠብ ይቀንሳል ተብሎ ነበር። በአንዳንድ ስፍራ በእርግጥ ቀንሷል፤ በሌላው ስፍራ ግን ሰው ደብተሩን በኪሱ ይዞ መጣላት ጀመረ።) ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በቆሎው ተንኰሻኰሸ። ወጣቱ «ማነህ?» ብሎ ጮኸ፤ መልስ አልነበረም፤ ከማማው ወርዶ በዱላ አንድ ጊዜ መታ። የሞተው ያ ጎረቤቱ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ።

የተከሳሽነት ቃሉን ስናነብ እንዲህ ይላል፤ «ከሟች ጋር በነበረኝ የመሬት ቂም ተነሣሥቼ፥ አስቀድሜ አስቤና ተዘጋጅቼ፥ አድፍጬ ቈይቼ ገደልሁት።» ከሥሩ የጣት አሻራ አለ። መጀመሪያ የታየን ነገር የሕጉ ሳይሆን የቋንቋው ነው። የዳሞት ገበሬ ነገር አዋቂ ነው፤ ምሳሌ ይናገራል፥ ቅኔም ይዘርፋል፤ «ቂም ተነሣሥቼ አስቀድሜ አስቤና ተዘጋጅቼ» ብሎ ግን አይናገርም። ይህ የጽሕፈት ቤት አማርኛ ነው። ከዚያው ጣቢያ በመጣ ሌላ መዝገብ፥ በጠላ ቤት ጠብ ሰው ስለ ገደለ ሌላ ሰው፥ ያው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተጽፎ አገኘነው፤ የተለወጠው «የመሬት ቂም» የሚለው «የቈየ ቂም» መሆኑ ብቻ ነው።

ወኅኒ ሄደን «ወንድሜ፥ ምን ብለህ ነው ቃልህን የሰጠኸው?» ብለን ጠየቅነው።

«ገደልሁት ነው ያልሁ፥ ጌታው። በጨለማ ማን እንደ ሆነ አላየሁም ነው ያልሁ። እሱን አልጻፉትም እንዴ?» አለ።

አልጻፉትም ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ሌላ አሳብ ይዞ መጣ። «ቤቱ ነበር እንበል፤ ምስክር አናጣም» አለን። ለጠበቃ የሚከፈለውን ለማግኘት ከጥንድ በሬው አንዱን ለመሸጥ ተነሥቶ ነበር፤ አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ ከገጠር የመጣችሁ ታውቃላችሁ። እኛ መንግሥት የመደበን ስለ ሆንን ገንዘብ እንደማያስፈልግ ነገርነው፤ የሐሰት ምስክር ካመጣ ግን መዝገቡን እንደማንይዝ ደግሞ ቍርጡን ነገርነው። በሬው ስለ ተረፈለት ደስ አለው፤ በሁለተኛው ነገር ግን እስከ መጨረሻው አኵርፎናል።

ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው የዐይን ምስክር በወሰኑ መንገድ ሲያልፍ በጨረቃ ብርሃን እንዳየ፥ ተከሳሹም ሟችን በስሙ ጠርቶ እንደ መታው ይናገራል። ይህ ቃል ከታመነ ነገሩ 539 ነው። ስለዚህ ወደ ማሳው ሄድን። ከአውራ ጎዳናው ከወረድን በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ማማው ፈርሷል፤ ምሰሶዎቹ ግን ቆመው ነበር፤ ከምሰሶው እስከ መንገዱ በርምጃ ለካን። ስንመለስ በደብሩ አጠገብ ካገኘናቸው አንድ መሪጌታ ዘንድ ውሃ ለመጠጣት ተቀመጥንና ስለዚያች ሌሊት ጨረቃ ጠየቅናቸው። መሪጌታው ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ነበሩ፤ ጣታቸውን እየቈጠሩ ጥቂት ዝም አሉና «በዚያች ሌሊት ጨረቃ ሃያ አምስተኛ ሌሊቷ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሳይሆን አትወጣም» አሉን።

አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት ጠበቃ ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1858 በኢሊኖይ አገር በነፍስ ግድያ ለተከሰሰ ወጣት ጠበቃ ሆኖ፥ በጨረቃ አየሁ ያለውን ምስክር በቀን መቍጠሪያ መጽሐፍ እንደ ረታው በትምህርት ቤት ሰምተን ነበር። የእኛው ቀን መቍጠሪያ በመሪጌታው ጣቶች ላይ ነበረ።

በችሎት ለምስክሩ ያቀረብነው ጥያቄ ሦስት ብቻ ነው። «አባቴ፥ ጨረቃዋ በየት በኩል ነበረች?» አልናቸው። «በፊት ለፊቴ» አሉ። «ሙሉ ነበረች ወይስ ጎደሎ?» «ሙሉ ነበረች፤ እንደ ቀን ታበራ ነበር» አሉ። «በስንት ሰዓት?» «ሰው እራት በልቶ ሳይተኛ።» እናመሰግናለን ብለን ተቀመጥን።

እዚህ ላይ ከነገሩ ጥቂት ወጣ እንበል። የተከሳሹ ዘመዶች በዚያ ቀን እጅግ አዘኑብን። እነርሱ የጠበቁት ጠበቃ ዘንጉን ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተንጐራደደ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ምስክሩን እያዋረደ የሚከራከር ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን በዛፍ ሥር ሲሟገቱ ተከራካሪው «በላ ልበልሃ» ብሎ ተነሥቶ፥ በማር ወይም በበቅሎ ተወራርዶ፥ ነገሩን በምሳሌና በግጥም እያሰማመረ ይረታ ነበር፤ ጐበዝ ተሟጋች በአገሩ ሁሉ ስሙ ይጠራል። ይህ ሙግት ታላቅ ጥበብ እንደ ነበረ እናምናለን፤ ሲቀር የቀረብንም ነገር አለ። ነገር ግን በዛሬው ችሎት ዳኛው የሚፈርደው መዝገቡ ላይ በሰፈረው ቃል ነው፤ ጩኸት ደግሞ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በሥነ ሥርዓቱ ሕግ በቍጥር 137 የመስቀለኛ ጥያቄ ዓላማ የምስክሩን ቃል ስሕተትነት፥ አጠራጣሪነት ወይም ሐሰትነት ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው ተብሏል። ምስክሩን መስደብ በውስጡ የለበትም። ወጣት ጠበቆች ከሁሉ የሚቸገሩት ደግሞ መልሱ ከተገኘ በኋላ አንድ ጥያቄ ሳይጨምሩ መቀመጥ ነው።

ወደ ችሎቱ እንመለስ። መሪጌታውን የመከላከያ ምስክር አድርገን ስናቀርብ ዐቃቤ ሕጉ ተቃወሙ፤ ዳኞቹ ግን ተመካክረው ሰሟቸው፤ ቍጥሩንም አንድ በአንድ እያስደገሙ አጻፉ። ቀጥሎ የተከሳሽነት ቃሉን የጻፈው መርማሪ ቀረበ።

«‹ቂም› የሚለውን ቃል ከተከሳሹ አፍ ሰምተዋል?» አልነው።

«ገደልሁት ብሏል።»

«እርሱን አልጠየቅንዎትም፤ ‹ቂም› ብሏል?»

ጥቂት ዝም አለና «አጻጻፉ እንዲህ ነው» አለ። ይህችም መልስ በመዝገብ ሰፈረች።

ፍርድ ቤቱ 539ን አልተቀበለውም። 541ንም ግን አልሰጠንም፤ በ540 ጥፋተኛ ብሎ 8 ዓመት ፈረደ። ምክንያቱ የአንድ ሽማግሌ ቃል ነበር። እኚህ ሽማግሌ በወረዳ ፍርድ ቤት በቀዳሚ ምርመራ ቀርበው፥ ተከሳሹ ከወር በፊት በሟች ላይ ሲዝት ሰምቻለሁ ብለዋል። በቍጥር 80 ከባድ የሰው ግድያ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በዚህ ምርመራ ያልፋል። ተከሳሹ ያን ጊዜ ቆሞ ሰማ፤ ጠበቃ አልነበረውም። ሽማግሌውም ክርክሩ ሳይደርስ ዐረፉ። በቍጥር 144 ደግሞ የሞተ ምስክር በቀዳሚ ምርመራ የሰጠው ቃል ተነብቦ ማስረጃ ይሆናል። ሙት እንዴት ይጠየቃል? ዛቻው የት፥ በምን ነገር፥ በቀልድ ይሁን በምር፥ በመጠጥ ይሁን በባዶ ሆድ እንደ ነበረ የሚነግረን የለም። ይግባኝ ብለን መዝገቡ ባሕር ዳር ሄደ፤ እዚያ ነገሩ ወደ 541 ተለወጠና ቅጣቱ 4 ዓመት ሆነ። ፍርዱ ሲመጣ ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው እስረኛ ነበር። ፈርዶበት የነበረውን ፍርድ ቤት አንወቅስም፤ ከፊቱ የቀረበለትን ቃል መዝኖ ፈረደ።

አሁን መጻሕፍቱ የማይነግሯችሁን አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ይኸውም የዕርቅ ነገር ነው። በጎጃም ሰው ከተገደለ በኋላ ሁለት ፍርድ ቤት አለ። አንዱ በፍኖተ ሰላም ያለው ነው፤ ሁለተኛው ሽማግሎችና ካህናት በመስቀል የሚቀመጡበት ነው። የሁለተኛው ሥራ ደም ማድረቅ ነው። በመጀመሪያው ነጻ የወጣ ሰው በሁለተኛው ካልታረቀ ወደ ቀየው መግባት አይችልም፤ ከወኅኒ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው የተገደለ ሰው ታሪክ በየወረዳው ይነገራል። ስለዚህ እኛ ከተከሳሽ ዘመድ ጋራ ስንገናኝ ከመዝገቡ ቍጥር ቀጥሎ የምንጠይቀው «ሽምግልናው ተጀምሯል ወይ?» ብለን ነው።

ዳሩ ግን ዕርቁ ለክርክሩ አደጋ አለው። ገዳይ በሽማግሎች ፊት ቀርቦ «በደልሁ» ይላል፤ ይህንን ካላለ ዕርቅ የለም። ዐቃቤ ሕግ ከሽማግሎቹ አንዱን መጥራት ያወቀ እንደ ሆነ ያ ቃል የእምነት ቃል ሆኖ ችሎት ይገባል። በሌላም በኩል የታረቁ ወገኖች ምስክሮቻቸውን «አላየንም በሉ» ብለው ይስማማሉ፤ ይህ ለእኛ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን በሐሰት ምስክርነት አዲስ እስረኛ ያፈራል፤ ያልገደለውንም ሰው ከገደለው ጋራ አንድ ያደርገዋል። እንዲህ ባለ መንገድ የተገኘ ነጻነት የጠበቃ ሥራ ነው ብለን አንቈጥረውም። እኛ የያዝነው ልማድ፥ ዕርቁን ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ በቅጣት ማቅለያ ጊዜ ማንሣት ነው። በወንጀል ሕጉ በቍጥር 82 ከልብ መጸጸትና የበደሉትን መካስ ቅጣት ያቀልላሉ፤ ለሟች ልጆች የተሰጠውን ከብትና የተሸሸገ ነገር እንደሌለ የሚያሳየውን የሽማግሎች ቃል ያን ጊዜ እናቀርባለን። የበቆሎው ልጅ ዕርቅ የተፈጸመው ግን ከተፈታ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዘመዶቹ ዘንድ በሌላ ወረዳ ተቀመጠ፤ ማሳውን ሚስቱ በእኩል አሳረሰችው።

ሴቶች ተከሳሾች በቍጥር ጥቂቶች ናቸው፤ ነገራቸው ግን ይከብዳል። በ1980ዎቹ ማብቂያ በአርሲ የ14 ዓመት ልጃገረድ ጠላፊዋን ገድላ በተከሰሰች ጊዜ፥ በኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋራ ሆነው ተከላከሉላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን እንደ ተከላከለች ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ነገር ነው። በገጠሩ ጎጃም ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው መዳራቸው ሁላችሁም የምታውቁት ስለ ሆነ፥ ያ ፍርድ በእኛም አገር ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግታችሁም።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ስለሆነው በአጭሩ እንናገራለን። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ፈቅዶ ነበር፤ አዋጁም እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም መጨረሻ ድረስ ቈየ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም በፍኖተ ሰላም ከተማ በአየር ጥቃት ብዙ ሰዎች ሞቱ። መንገድ ሲዘጋ ምስክር አይመጣም፤ ምስክር ካልመጣ ቀጠሮ ይተላለፋል፤ ቀጠሮ ሲተላለፍ ዋስትና የተከለከለው ሰው ይቈያል። ሽማግሌ ምስክሮችም በዚህ መካከል ይሞታሉ፤ የቍጥር 144ን ነገር ከላይ ሰምታችኋል።

የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ ቈይተዋል፤ ከእናንተም በዚህ ሥራ ለመግባት የምታስቡ እንዳላችሁ ነግራችሁናል። ለእነርሱ የምንለው፥ ማመልከቻ መጻፍ ብቻ አይብቃችሁ ነው። ሰው በተያዘ በመጀመሪያው ሳምንት ጣቢያ ሂዱ፤ የተናገረውን በራሱ አማርኛ፥ ከነ«አይዶለም»ው ጻፉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ከላይ አስፍሩ። በቀዳሚ ምርመራ ቀን የሚቆምለት ጠበቃ እንዲኖር ወትውቱ። ወደ ማሳው ስትሄዱ ደግሞ የይዞታውን ደብተር ግልባጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወሰኑ ከደብተሩ ጋራ የማይገጥምበት ጊዜ አለ፤ ከደብሩም ሳትደርሱ አትመለሱ።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄ ትተነዋል።